«ስታረግዢ ምን በላሽ?»

ውድ ባለቤቴ አብዱልመሊክ፣

ሰላምታዬ ለሥራ ካለህበት ከድንበሯ ከተማ ከደወሌ ይድረስህ። በስልክ ድምፅህን ስሰማ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣኝም፤ ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። ፈርቻለሁ፣ አብዱልመሊክ።

ካረገዝኩ ጀምሮ ከሻይና ከሐብሐብ በቀር ምንም እንደማይረጋልኝ ታውቃለህ። የማታውቀው ሥራ ቦታ የገጠመኝን ነው። በምርምር ማዕከሉ ነጫጭ አይጦች እንደምመግብ እንጂ ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ ነግሬህ አላውቅም። ዶክተር ዋርሳሜ እርጉዞቹን አይጦች ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ የተሟላ መኖ፣ ለግማሾቹ አንዳንድ ንጥረ ነገር የተቀነሰበት መኖ ያሰጣሉ። ከዚያ የልጆቻቸውን ጠባይ ያያሉ። ኦቲዝም ከየት እንደሚመጣ ፍለጋ ነው። ያንን የጎደለ መኖ ለእናቶቹ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ሲፈተኑ አብሬ ነበርኩ። አንዱን ትንሽ አይጥ ከማያውቀው አይጥ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ያስገቡታል። ሌሎቹ ሮጠው ሄደው እንግዳውን ያሸቱታል። ይሄኛው ግን ወደ ጥጉ ዞሮ ፊቱን በእጆቹ ያብሳል። እንግዳው መጥቶ ነካው። ቀና አላለም። ያብሳል፣ ያብሳል። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ።

«ምነው ኢስራ?» አሉኝ ዶክተር ዋርሳሜ።

«እኔም እንደ እናቱ ነኝ። የበላሁት አይረጋልኝም።»

ጓንታቸውን አውልቀው ወንበር ሳቡልኝ። «ስሚኝ፤ ይሄ አይጥ ነው። አይጥ ላይ ያየነው ሰው ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም። የሰው ኦቲዝም መንስኤው ብዙ ነው፤ ያልገባን ይበዛል።»

«ታዲያ አይጥ ላይ ለምን ታያላችሁ?»

«ምን ብለን እንደምንጠይቅ ለማወቅ» አሉኝና ጤና ጣቢያ እንድሄድ መከሩኝ።

እኔ ግን ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ መዋጥ ጀመርኩ። ጉበት፣ እንቁላል፣ የግመል ወተት። እውጣለሁ፣ ያስመልሰኛል፣ ደግሜ እውጣለሁ። ጎረቤታችን ሻሚስ ሰምታኝ ልጇን ሮብሌን አስከትላ መጣች። ሮብሌ እንደ ልማዱ ማናችንንም ሳያይ ወደ ውሃ በርሜሉ ሄዶ ጆሮውን ለጠፈበት። ስድስት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን እናቱን «እናቴ» ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

ፊቴን አጥባኝ ስታበቃ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ፎጣው ላይ ቆመ።

«ሮብሌን ያረገዝኩ ጊዜም እንደ ዘንድሮው ድርቅ ነበር» አለችኝ። «ሻይ ብቻ የጠጣሁበት ቀን አለ። አባቱ ጥሎን ሲሄድ ‹በሆድሽ ውስጥ አስርበሽ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ› ብሎኝ ነው የወጣው። አንቺ እዚያ ትሠሪያለሽ። ንገሪኝ፤ እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም» አልኳት። «ዶክተሩ እንኳን አላወቁትም፤ ሰውዬው ከየት አወቀው?»

አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ በንዴት ሳቀች። «ወላሂ አይጧ ትሻላለች! እሷን ‹ምን በልተሽ ነው› የሚላት ባል የላትም።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ የወሰደችኝ እሷ ናት። አዋላጇ ደም አንሶሻል ብላ የአይረን ክኒንና ማስመለሱን የሚያስታግስ መድኃኒት ሰጠችኝ። የልጃችንንም የልብ ምት አሰማችኝ። እንዴት እንደሚፈጥን! አሁን ጠዋት ጠዋት ገንፎ ይረጋልኛል። ፍርሃቱ ግን በክኒን የሚሄድ አልሆነም።

እውነቱን ልንገርህ፤ አሁን የምፈራው አንተን ነው። ባለፈው ስትመጣ ሮብሌን አይተህ «እናቱ ስታረግዝ ምን ብትበላ ነው?» አልክ። በክፋት እንዳላልከው አውቃለሁ። የሻሚስ ባልም መጀመሪያ በክፋት ያለው አይመስለኝም።

ሳልወልድ ፈቃድ ጠይቀህ ና። አላህ ጤነኛ ልጅ እንዲሰጠን ሌት ተቀን ዱዓ አደርጋለሁ። ግን ስሙን ስንጠራው ባይዞርስ? ያን ጊዜ አንተ ወደ ማን ትዞራለህ?

ፈርታ የምትጠብቅህ
ኢስራ
ጅጅጋ፣ ጥር 2009 ዓ.ም.