ሃያ አራተኛው

ለልጄ ሚስት፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ብርድ ሲሆን ያስቸግርሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለሽ? ይህን ለመጠየቅ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛልና ብትቆጪ አይገርመኝም። እኔ ደህና ነኝ። ዐይኔ ትንሽ ደከመ እንጂ አፌ አልደከመም፤ አፌን መቼም ታውቂዋለሽ።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለሽ እንዳትቸገሪ፣ የራሴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ሰሌዳ ስጠርግ ኖሬ፣ የጠረግሁት ምን እንደሚል ማንበብ የቻልኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። የጎልማሶች ክፍል ገብቼ ሁለት ዓመት ተማርኩ። መስመሩ ወዲህና ወዲያ ቢያዘነብልም ታገሺኝ። ይህን ደብዳቤ ለሰው ነግሬ ማስጻፍ አልችልም ነበር።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የእናንተን ክፍል ቆልፌው ነበር። ዘንድሮ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ግን የግዴን ከፈትኩት። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ሳሸሽ ከኋላው አንድ የጨርቅ ቦርሳ ወደቀ። ውስጡ ከወፍራም ክር የተሠሩ አራት ማዕዘኖች አሉ፤ ነጭና ቢጫ፣ ስንዝር በስንዝር፣ ቆጠርኳቸው፣ ሃያ ሦስት። ሃያ አራተኛው ግማሽ ላይ ቆሟል፤ መሥሪያው ኪሮሽ እንደተሰካበት፣ ድቡልቡሉ ክርም እንደተያያዘበት ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ልጄ በመኪና አደጋ ሞቶ እኔ ስጮህ እሷ ክር ስታጠላልፍ ነበር አልኩ። በዚያው ንዴት ኪሮሹን መዘዝኩና የክሩን ጫፍ ሳብኩት። ይበልጥ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። አንድ የክር ዐይን ጠፋ፣ ቀጥሎ ያለው ተከተለው፣ ከዚያ ረድፉ ሁሉ እጄ ላይ ይተረተር ጀመር። ያን ጊዜ መተው ነበረብኝ፤ ግን ያን ቀን አንቺንም በተናገርኩሽ ጊዜ መሃል ላይ ማቆም አልቻልኩም፣ አሁንም አልቻልኩም። የሠራሽው ሁሉ ክር ሆነ።

ክሩ ግን ቀጥ አላለም። እንደተጨማደደ፣ እንደተጠማዘዘ ጭኔ ላይ ተከመረ። ጣትሽ የሄደበትን መንገድ ሁሉ ስድስት ዓመት ሙሉ ይዞ ኖሯል። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

በማግስቱ ክሩንና ኪሮሹን ይዤ ፊት ለፊታችን ወዳለችው ልብስ ሰፊ ሄድኩ፤ አንቺ ለምላሷ ስለት «መቀስ» የምትያት። ያፈረስኩትን መልሼ መሥራት እፈልጋለሁ አልኳት። ምን ነካሽ አላለችኝም፤ ወንበር ሳበችልኝ። ኪሮሹን ስጨብጥ አይታ፣ አላልተሽ ያዢው እንጂ እትዬ፣ መወልወያ እኮ አይደለም የያዝሽው አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ክሩ ምን በደለሽና ነው እንዲህ የምታንቂው አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሥቼ በወጣሁ።

ቋጠሮው ለካ አንድ ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያለው። የቀረው ሁሉ አንዱ ዐይን ሌላው ውስጥ እየገባ፣ የኋላው የፊቱን አቅፎ ነው የሚቆመው። ስፌት የለው፣ ሙጫ የለው። ስልሳ ሦስት ዓመት ሹራብ ለብሼ ይህን አላውቅም ነበር። ሃያ ዐይን ሰንሰለት ሠርተሽ ትመለሻለሽ፣ ሃያ ሠርተሽ ደግሞ ትዞሪያለሽ፣ እጅሽ ላይ ምንም ያልነበረው ጨርቅ ይሆናል። እኔ በዕድሜዬ ያለውን ማጽዳት እንጂ የሌለውን ማምጣት አላውቅም ነበር።

የእኔ ግን አራት ማዕዘን አልሆነም። ከታች ሰፍቶ ከላይ ሾለ። ይሄማ ለፍየል ቆብ ይሆናል ብላ ሳቀችብኝ። ብቆጥረው፣ በሃያ የጀመርኩት አሥራ አንድ ደርሷል። የት ገቡ አልኳት። በየረድፉ ዳር ያለችው የመጨረሻዋ ዐይን ትንሽ ናት፣ ጎንበስ ብላ ትደበቃለች፣ አንቺ እሷን ሳትቆጥሪ ነው የምትዞሪው አለችኝ። ጣቴን ይዛ ቦታዋን አስዳሰሰችኝ። እውነትም ነበረች።

ሰባት ጊዜ ተረተርኩት። ሰባት ጊዜም ያው ክር መልሶ እሺ አለኝ፤ አልተበጠሰም፣ አላነሰም። በስምንተኛው ጥጉን ከጥጉ አጥፌ ሳየው ልክ ገጠመ። ይህን እጄ ነው የሠራው ብዬ ደጋግሜ ገለበጥኩት።

ቤት ወስጄ ከሃያ ሦስቱ ጋር አልጋው ላይ ደረደርኩት፣ አራት በስድስት። ድሮ ክሩን ስትገዢ አይቼ ብጠይቅሽ ለመጋረጃ ነው ብለሽኝ ነበር። መጋረጃ አይሆንም። ለትልቅ ሰውም አይበቃም፤ ከትራሱ ጀምሬ ባነጥፈው ከአልጋው መሃል አለፍ ብሎ አለቀ። ለካ የሕፃን ብርድ ልብስ ነው።

አብራኝ የመጣችው ልብስ ሰፊ ከበሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። አምና ጨርቅ ልትገዛ ስትሄድ ከምትሠሪበት የልብስ ማጠቢያ ቤት በር ላይ እንዳገኘችሽ ያን ጊዜ ነገረችኝ። ብቻዋን አልነበረችም አለችኝ። እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ መች ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ አለችኝ።

አንቺም ብትሆኚ አንድ ቃል መተንፈስ ነበረብሽ ብዬ ልወቅስሽ ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ተውኩት። ልጄን በቀበርን በሦስተኛው ሳምንት ገደ ቢስ ብዬ በር ላስወጣችሽ ሴት ምን ብለሽ ትነግሪያት ነበር? ያልኩትን እንደ ክሩ ስቤ ብተረትረው ደስ ባለኝ። እሱ በእጄ የለም። ይቅር በይኝ።

ሃያ አራቱንም ልኬልሻለሁ። የእኔን ከሩቅ ትለዪዋለሽ፣ ጠበቅ ብሏል። የመጨረሻዋን ዐይን እንዳትፈታ በመርፌ ቁልፍ ይዣታለሁ፤ ክሩንም አልቆረጥኩትም፣ ድቡልቡሉ እንዳለ አብሮ ነው። መቁረጥ ከፈለግሽ መብትሽ ነው። ካልቆረጥሽው ግን ዙሪያውን እየጨመሩ ማስፋት ይቻላል ትላለች ልብስ ሰፊዋ፤ እንኳን ስድስት ዓመት ስልሳም ቢሆን ማለቂያ የለውም። አሁን መቼም አጥሮ ይሆናል። ልጄ በአምስት ዓመቱ እግሩ ከብርድ ልብስ ይወጣ ነበር፤ ዘራችን ቁመታም ነው።

ልምጣ አልልም። ነይ ካልሽኝ ግን እግሬ ገና ይሄዳል፤ ልምጣ ካልሽም የክፍሉ ጣሪያ ተጠግኗል።

እጅሽን ይባርክልኝ። በቤትሽ ላላችሁት ሁሉ ጤና ይስጥልኝ፣ ብርድ አይንካችሁ። መልስ ከጻፍሽልኝ ራሴ ነኝ የማነበው። ገና ፊደል የሚቆጥር ሰው ቢጽፈውም አነበዋለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ አንድም ሳልዘል።

የባልሽ እናት