መሳቢያ ውስጥ የቀረው መሻሪያ

ኅዳር 12

ዛሬም በጀርባዬ ተኝቼ ዋልኩ። ጣሪያው ላይ ስንጥቅ አለ። እስከ ዛሬ አላየሁትም። የገዛ ቤቴ... ተቋራጭ ተብዬ!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቱምቢ ደወለ። ፎርማኔ ነው። ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፣ ቀጥ አድርጎም ስለሚናገር ግንበኞቹ በግድግዳ ማቅኛቸው ጠሩት፤ እውነተኛ ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ ያለም አይመስለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል፣ እሁድንም አይዘልም።

«ጋሼ፣ የትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ዓምዶች ተሞልተዋል። ወገብዎስ?»

ሁልጊዜ መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ ወገቤ።

ኅዳር 15

ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አለ። ከዚያ ሁለት ወር ደረጃ መውጣት የለም። ደረጃ የማይወጣ ተቋራጭ ምኑን ተቋራጭ ሆነ?

ችግሩ ፊርማው ነው። ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፦ ያለ ፊርማ አርማታ አይሞላም፣ ያለ ፊርማ ድጋፍ እንጨት አይነቀልም። አንዴ እኔው ራሴ በቃል «ንቀሉ» ብዬ ቱምቢ «ወረቀቱስ?» ብሎ ተገትሮ ቀረ። ጮህኩበት። ኋላ ሳስበው ኮራሁበት።

ባለቤቴ «ታናሽህን ወክለው፣ ሥጋህ ነው» አለች። ልክ ናት። የሕንፃ ዕቃ ሱቁን ከዘጋ ወዲህ ሥራ ፈቷል። ግን ሲሚንቶ የሚያውቀው በከረጢት ሲሸጥ ነው...

ኅዳር 18

ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ። ወንድሜ ብብቴን ይዞ እየደገፈ አስገባኝ። ጸሐፊዋ ውክልናውን ጮክ ብላ አነበበች። በስሜ እንዲዋዋል፣ እንዲከራከር፣ እንዲያስረክብ፣ በሥራው ቦታ ማናቸውንም ፈቃድ እንዲሰጥ...

«የሚቀነስ ነገር አለ?»

አለ። የመጨረሻዋን አውጪልኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል፣ እጁ ብብቴ ውስጥ ነው። በሰው ፊት «ይሄንንስ አላምነውም» ይባላል?

«የለም» አልኳት። ፈረምኩ።

ታኅሣሥ 3

ከሆስፒታል ወጣሁ። ወንድሜ አምስት ቀን ሙሉ ካጠገቤ አልተነሳም። አጠበኝ። ሽንት ቤት ተሸክሞ አደረሰኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ልጅ ሆኜ አንተ ነበርክ የምታዝለኝ፤ አሁን ተራዬ ነው» አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዕንባዬ መጣ።

ጥር 4

የቱምቢ ድምፅ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ታናሽዎ የአንደኛውን ፎቅ ድጋፍ በአሥራ አራት ቀኑ አስነቀሉት። ጣውላው ለሁለተኛው ይፈለጋል አሉ። ተሟገትኩ። ፈርመው ሰጡኝ። ፊርማ ከመጣ እኔ ምን አባቴ ላድርግ?»

በአሥራ አራት ቀን! ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል አርማታ፣ ሃያ አንድ ቀን ሳይሞላው ድጋፉ እንደማይነካ የቀን ሠራተኛ እንኳ ያውቃል።

«ተሰነጠቀ?»

«የለም። እግዜር አወጣን።»

«ተወው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኩት።

ጥር 6

ውክልናውን ሻርኩት። በከዘራ፣ ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። ያቺው ጸሐፊ ናት። ማኅተሙን መታችና «አባት፣ ለወኪሉም ለሚመለከታቸውም ማሳወቅ የእርስዎ ፋንታ ነው» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ቤት ስገባ መሻሪያውን ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ፣ ከመድኃኒቶቼ ሥር አኖርኩት። መጀመሪያ ለእሱ ልንገረው። ከፎርማን አፍ ከሚሰማው ከእኔ ይስማ። እንዲያ ነው የሚገባው።

ጥር 7

ቱምቢ ደወለ። ሥራው ደኅና ነው አለ። አልነገርኩትም፣ ወንድሜ ሳይሰማ?

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ወንድም ጋሼ! መድኃኒትህን ወሰድክ?» አለኝ። ወሰድኩ አልኩና ዘጋሁ።

ጥር 10

ሁለተኛው ፎቅ ተሞላ። «እንግዲህ ቀን መቁጠር ነው» አለ ቱምቢ እየሳቀ። እኔም ቆጠርኩ። የካቲት 1 ይሞላል። ጊዜ አለ።

ጥር 13

ወንድሜ ከነልጆቹ ምሳ መጣ። አዲስ የሥራ ጫማ ገዝቷል፣ ጭቃውን ሳያራግፍ ገባ። ጭቃው እንዲታይለት ፈልጎ ነው። «ሠራተኞቹ አለቃ ይሉኛል» አለ ለልጆቹ። ትንሿ ልጁ ጫማውን በጣቷ ነካችው።

ባለቤቴ ከጠረጴዛው ማዶ ዓይኗን ጣለችብኝ። ውሃ ጠጣሁ። እንደገና ጠጣሁ። በልጆቹ ፊት እንዴት ይሆናል?

ሲወጡ «አንተን ይሉኝታ ይገድልሃል» አለችኝ።

ጥር 16

ነገ።

ጥር 19

እኔን ይድፋኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቱምቢ እንደ ልማዱ ደወለ። የደረጃውን ፌሮ እያሰርን ነው፣ ወገብዎስ፣ አለኝ። ደኅና አልኩት። ሦስት ሰዓት ላይ ወንድሜ ሳይት ደርሶ ለሁለተኛው ፎቅ የመንቀያ ፈቃድ ፈረመ። በዘጠኝ ቀኑ። ጣውላው ለጣሪያው ይፈለጋል ብሎ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች...

ቱምቢ ወረቀቱን አነበበ፣ ኪሱ ከተተ። ሠራተኞቹን በሙሉ አስወጣ። «መጀመሪያ እኔ» ብሎ ብቻውን ከሥር ገባ። አራተኛውን እንጨት ሲመታ ሶሌታው ተደርምሶ መጣበት።

በሕይወት አለ። እግሮቹ...

ጥር 21

የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ግራው ይተርፍ ይሆናል አሉ። ይሆናል!

ጥር 24

ጠበቃው ቤት መጣ። መሻሪያውን ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠሁት። ቀኑን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ይሄ ካለማ ወንድምህ የፈረመው ያለ ሥልጣን ነው። ማን አይቶታል?»

«ጸሐፊዋ። ባለቤቴ።»

«ወንድምህስ? ትምህርት ቤቱ? ፎርማኑ?»

ጠበቃው ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

«እንግዲያ በነሱ ዘንድ አልሻርከውም። የሱ ፊርማ ያንተ ፊርማ ነው።»

ይህን ለመናገር ሕግ መማር አያሻም። እኔም አውቄዋለሁ።

ወንድሜ ከሰዓት መጣ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አልደበቅኩትም። አነበበው። አልጮኸም። «ብትነግረኝ እኮ... ትንሽ እከፋ ነበር ወንድም ጋሼ። አንድ ሳምንት ባኮርፍ ነው» አለ። ጫማው በር ላይ ነበር፣ ሳያስረው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

የካቲት 1

ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ ሞላ።

ሐኪሙ ደረጃ ውጣ ብሎኛል። ሳይት አልሄድኩም፤ በሩ ታሽጓል። ሆስፒታል ሄድኩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ያለ ከዘራ ወጣሁ። ምነው ባልቻልኩ ኖሮ።

ሚስቱ ትራሱን እያስተካከለች ነበር። ወንበሩን ለቀቀችልኝ። እኔን «ኖር» ማለት ነበረባት?

መሻሪያውን ሰጠሁት። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ... አሁን! መነጽሩን ጠየቀ። እንደ ሥራ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ አነበበው።

«ጥር 6 ይላል።»

«አዎ።»

«እኔ የነቀልኩት ጥር 19 ነው።»

«አዎ።»

ብርድ ልብሱን አየ። በቀኝ በኩል ጠፍጣፋ ነው።

«አስተካክለዋለሁ ብለውኝ ነበር። ታናሽዎ ሲፈርሙ ከእርስዎ ጋር ተማክረው ነው አልኩ። አለበለዚያ ወረቀቱን እዚያው ቀድጄ እጥለው ነበር።» መነጽሩን አወለቀና «ምነው ጋሼ... በስልክ እንኳ» አለ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ቀድሞኝ «ወገብዎስ?» አለኝ።

«ደኅና ነው» አልኩት።

አሁን ቤት ነኝ። ቀኖቹን ቆጠርኩ። ከጥር 7 እስከ ጥር 19፣ አሥራ ሦስት ጠዋት ደውሎልኛል።

ሁሉንም አንስቻለሁ።