መቃን የምታንኳኳው እንግዳ

ይድረስ ለምወድዎት አባዬ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? መሰላል መውጣት ትቻለሁ ያሉኝን አላመንኩም፤ እማዬን ጠይቄ እደርስበታለሁ። እሷስ እንዴት ናት? ሳሉ ለቀቃት? ጎረቤቱ፣ መጋዝዎ፣ ያ አንካሳው ውሻችን ሳይቀር፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፤ ደስታው ልቤን ሊያፈነዳው ነው። እጄ ከሐሳቤ እኩል አልሮጥ ብሎ ፊደሉ ከተንጋደደ ይቅር ይበሉኝ።

ስነሳ ደስ እንዳላለዎት አልረሳሁም። የስፌት መኪና የሚሸጠው ድርጅት ከከተማ ከተማ እየዞርኩ ልብስ ሰፊዎችን እንዳሠለጥን ሲቀጥረኝ ቤቱ ሁሉ እልል ሲል፣ እርስዎ ብቻ «ሥራው ጥሩ ነው፤ ማደሪያው ነው ያልጣመኝ» አሉ። ሴት ልጅ ብቻዋን ሆቴል ስታድር ሰው ምን እንደሚል ነገሩኝ። እርስዎን የሚያስፈራዎትን ግን አልነገሩኝም፤ እሱ ሳይነግሩኝም ገብቶኛል። በመጨረሻ «ይህን አንዱን ዙር ሂጂ፤ የቀረውን እንወስናለን» ብለው ያን በር ሥር የሚወሸቅ የእንጨት ሽብልቅ እጄ ላይ አኖሩልኝ። ይኸው ዙሩ ሊያልቅ ነው። ድርጅቱም ለሚመጣው ዓመት ትቀጥያለሽ ወይ ብሎ መልሴን እየጠበቀ ነው። እኔ መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ያለ እርስዎ ምርቃት ግን አልፈልግም። ስለዚህ የሆነውን ልንገርዎትና ይፍረዱ።

በመጀመሪያዋ ከተማ ጀማሪ ነበርኩ። የሚሰጠኝ አበል የትልቁን ሆቴል ደጃፍ እንኳ አያስረግጥም። እና ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ርካሽ ወደተባለው ገባሁ። እንግዳ ተቀባዩ ስሜን ሳይጠይቅ ብቻሽን ነሽ ወይ አለኝ፤ ነኝ ስለው ቆየት ብሎ ያንኑ ደገመልኝ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል አይደል የሚባለው? ቢሆንም ክፍሉን ልይ አልኩ። የበሩ ቁልፍ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ያኔ የእርስዎ ድምፅ መጣብኝ፤ በርን የሚይዘው መቃኑ ነው፣ ቁልፉ ጌጥ ነው የሚሉት። መቃኑን በጣቴ ባንኳኳው እንደ ቅል ጮኸ፤ ለካ ምስጥ ውስጡን ጨርሶት ኖሯል። አመሰግናለሁ ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ውልቅ። ገና ፀሐይ ስለነበረ አልደነገጥኩም።

መንገዱን ተሻግሬ መድኃኒት ቤት ገባሁና ሻጯን፣ እህትሽ ብቻዋን ወደዚህ ከተማ ብትመጣ የት ታሳድሪያታለሽ ብዬ ጠየቅኳት። ይህን ጥያቄ፣ አባዬ፣ በወርቅ አልለውጠውም። ጥሩ ሆቴል የት አለ ሲሏቸው ሰዎች ፎቁንና መስታወቱን ነው የሚያሳዩት፤ እህትሽ ሲባሉ ግን ከልባቸው ያስባሉ። ሴትዮዋ አስባ አስባ ለሥልጠና የሚመጡ ነርሶች የሚያርፉበትን ቤት ጠቆመችኝ። ስደርስ ጣራው ላይ የሴቶች ልብስ ተሰጥቷል፣ አንዷ መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትቆርጣለች። ሽብልቄን ከበሩ ሥር ወሸቅኩና ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ ባለሙያ ሆኛለሁ፤ አይሳቁ። ከተማ የምገባው በቀን ነው። የክፍሌን ቁጥር በሰው ፊት ጮክ ብሎ የጠራ እንግዳ ተቀባይ ካለ ሌላ ክፍል አስቀይራለሁ። አንዱ ቢጨንቀው፣ ታዲያ በምልክት ልንገርሽ እንዴ አለኝ፤ ወረቀት ላይ ጻፈው አልኩት።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። አሁን ያለሁበት ሆቴል ባለቤት ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ሠራተኞቿ በሌለችበት ኮሎኔሏ ይሏታል። የመጣሁ ቀን እሷ አልነበረችም። አስተናጋጇ ክፍል ስታሳየኝ እንደ ልማዴ መቃኑን አንኳኳሁ፣ ተንበርክኬ ማጠፊያውን አየሁ፣ መስኮቱን ገፋሁ። የአንዱ በር ብሎን ላልቷል። ሌላ አሳዪኝ አልኳት። ሌላም። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠና ወደ ታች ሮጠች። ስወርድ ኮሎኔሏ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ወንበር በቀሚሷ ጠርጋ ትጠብቀኛለች። አንቱ እያለች ሻይ አቀረበችልኝ። የእሳት ማጥፊያው ተገዝቶ በመንገድ ላይ ነው አለችኝ። እኔ ሞኟ፣ ምን ያለ ሰው አክባሪ ከተማ ነው እያልኩ ሻዩን እጠጣለሁ። ኋላ ጠጋ ብላ፣ ብሎኗ ሪፖርቱ ላይ ባትገባ ስትለኝ ነው የነቃሁት። ተቆጣጣሪ መስያት ነው!

የአናጢ ልጅ ነኝ፣ ማደሪያ ነው የምፈልገው አልኳት። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አንቱታውም እዚያው ላይ አበቃ። «ዋጋ አልቀንስልሽም፣ ብሎኑን ግን አሁኑኑ አስጠብቅልሻለሁ» አለችኝ፤ ደግሞም አደረገችው። ዋጋውም ቢሆን ለአበሌ ልክ ነበር። ኋላ እንዳጫወተችኝ፣ ድሮ ጨርቅ ስትነግድ ብቻዋን እየዞረች ስንቱን ሌሊት ወንበር በር ላይ ደግፋ አድራለች። ሆቴል የከፈተችውም በዚያ እልህ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሽብልቄ የለም። አባዬ፣ ከእርስዎ እጅ የያዝኩት እሱን ብቻ ነው። ወደ ታች ስበር ኮሎኔሏ ቢሮዋ ቆማ እያገላበጠች ታየዋለች። ጽዳት የምትሠራው ሴት የተሰበረ ዕቃ መስሏት አምጥታላት ነው። ማን ሠራው አለችኝ፤ አባቴ አልኳት። ከቢሮዋ በር ሥር ወሸቀችው፣ አስተናጋጇን ውጭ አቁማ ግፊ አለቻት። በሩ ንቅንቅ አላለም። እሷ ራሷ ወጥታ በዚያ ትከሻዋ ገፋችው፤ ወይ ፍንክች። መለስ አለችና እንዲህ አለችኝ፦

«ለክፍሎቼ ሁሉ እፈልገዋለሁ። በሮቹንም አንድ በአንድ የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አባትሽ ይመጣሉ?»

እጽፍላቸዋለሁ አልኳት፤ መልሱ የእርስዎ ነው። ግን ይምጡ፣ አባዬ። ዕድሜዎን ሙሉ የሰው በር ሲሠሩ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ሆቴል አድረው አያውቁም። ከእኔ ጎን ያለውን ክፍል አስይዤልዎታለሁ። መቃኑን ራስዎ ያንኳኩ፣ ደረጃውን ይውጡ፣ ከሴትዮዋ ጋር ይነጋገሩ፣ አንድ ሌሊት ይደሩበት። ካልጣመዎት ሻንጣዬን ይዤ አብሬዎት እመለሳለሁ፤ ቃሌ ነው፣ አላኮርፍም። ከጣመዎት ግን እዚያው በሩ ላይ ቆመው ይመርቁኝ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ሹራቧን ሳትለብስ ደጅ እንዳትወጣ። ወንድሜ ጠባቂሽ ልሁን ሲለኝ ነበርና፣ በጊዜ የሚተኛ ጠባቂ አልፈልግም ብላለች ይበሉልኝ። የፈሩት ይደርሳል እያለች ያስፈራራችኝ አክስቴ ደግሞ የደረሰብኝ ሻይ ብቻ መሆኑ ይነገራት። ለሚጢጢዋ እህቴ ያቺን መድኃኒት ቤት ውስጥ የጠየቅኳትን ጥያቄ ያስጠኑልኝ፤ አንድ ቀን እሷም ሻንጣ ታነሳለች። ውሻችንንም ጆሮውን ይከኩልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ

ከሁለተኛው ፎቅ፣ ከጥጉ ክፍል፤ ፀሐይ እንዲገባልኝ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ እንዳይዘጋብኝ የእርስዎን ሽብልቅ ወሽቄበት
እሑድ ከሰዓት በኋላ