ከሦስቱ ሰረዞች በታች የቀረ ስም

ለተከበሩ የከርነሉ ኔትወርክ ክፍል ዋና ጠባቂ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ፣ በተለይም ዓይንዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ከአራት ሺህ መስመር ኮድ መካከል አንዲት ትርፍ ባዶ ቦታ ለቅሞ የሚያወጣ ዓይን በየዘመኑ የሚገኝ አይደለምና ፈጣሪ ከአቧራም ከድካምም ይጠብቅልዎ። እኔ ከቅናት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤውን በግልጽ መድረክ የማወጣው ሥራችን ራሱ በግልጽ መድረክ የሚሠራ ስለሆነ ነው። ለማያውቁን አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተር ከኔትወርክ መልእክት ሲመጣለት መልእክቱን ሶኬት ለሚባል መቀበያ ያስረክባል፤ ሶኬት ማለት አንድ ፕሮግራም ከኋላው ተቀምጦ ባለጉዳይ የሚጠብቅበት መስኮት ነው እንበል። የትኛው መልእክት ወደ የትኛው መስኮት እንደሚሄድ የሚወስነው የኮምፒውተሩ ልብ የሆነው ከርነል ሲሆን፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚወስነውም በማይነቃነቅ አሮጌ ደንብ ነበር። የእኔ ሐሳብ የማሽኑ ባለቤት ራሱ ትንሽ መራጭ ፕሮግራም ጽፎ፣ ከርነሉም ያንን መራጭ እየጠየቀ መልእክቱን ወዳለው መስኮት እንዲልክ ማድረግ ነበር። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከርነሉ ውስጥ የሚገባው በመድረኩ ላይ በደብዳቤ ተልኮ፣ ተመርምሮ፣ በመጨረሻም በእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ሌላ በር የለም፤ ቢኖር ኖሮ እስካሁን አገኘው ነበር።

አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. በአሥራ አራት ወር ውስጥ ይህንን ሥራ ዘጠኝ ጊዜ ልኬልዎታለሁ፤ እርስዎም ውድ ጊዜዎን ሰውተው ዘጠኝ ጊዜ መልሰውልኛልና ውለታዎን አልረሳም። በሁለተኛው ስሪት ላይ፣ በየኮዱ መግቢያ የሚዘረዘሩት ተለዋዋጭ የሚባሉ የመያዣ ስሞች በክፍላችን ወግ መሠረት ከረጅሙ መስመር ወደ አጭሩ እየወረዱ መሰለፍ ሲገባቸው፣ አንዱ አጭር ከረጅሙ በላይ ተደንቅሮ መገኘቱን ገልጸው መለሱልኝ። ወጉ ለማሽኑ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ለዓይን ግን ያምራል፣ አይካድም። ልብስ ሰፊ የሆነችው ባለቤቴ ሜትሯን ተውሼ ስክሪኑ ላይ መስመር ስለካ አግኝታኝ የማን ሱሪ እንደሆነ ጠይቃኛለች። በአራተኛው ስሪት አንድ ማብራሪያ ያለ ነጥብ ማለቁን፣ በአምስተኛው ነጥቡ መብዛቱን፣ በስድስተኛው ደግሞ አራተኛው ይሻል እንደነበር አስተማሩኝ። በሰባተኛው ጊዜ ዕረፍት ላይ ስለነበሩ ዕረፍትዎን ስለረበሽኩ ይቅርታ ጠየቅሁ። በዘጠነኛው «አቅጣጫው አላሳመነኝም» አሉ። ለአሥራ አራት ወር ሁለት ቃል፣ ሲካፈል ለአንድ ቃል ሰባት ሰባት ወር ይደርሳል፤ ከዚህ በላይ ቁጥብነት አላየሁም።

2ኛ. ይህ አቤቱታ «ግሩም» ስለሚባለው ቃል ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍላችን፣ አልዘጋ ያለ መስኮቷን በተጣጠፈ ካርቶን በደፈንንባት ማለት ነው፣ ከእኔ ፊት ለፊት አንዲት ባልደረባዬ ትቀመጣለች፤ የስክሪኖቻችን ጀርባ ይነካካል። ብዙ ስለማትናገር ቢሮው ዝምተኛዋ ይላታል። አሥራ አራት ወር ሙሉ ስለ እርስዎ ስማረር የሰማችው እሷ ናት። ዘጠነኛው ከተመለሰ በኋላ ነገሩን በሌላ ጎኑ ብትሞክረው ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔም የአባቴ ርስት አይደለም ብዬ የቸር ሰው ፊት አሳየኋት። በሦስት ሳምንት ጨረሰችው። የእኔን ግማሽ በማይሞላ መስመር ጨረሰችው። ጠዋት ላከችልዎ፤ ምሳ ሳይደርስ «ግሩም ሥራ ነው፤ ከልብ አመሰግናለሁ» ብለው መለሱላት።

ያንን መልስ አሥራ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከዚያም የመድረኩን ማኅደር ከፍቼ የስድስት ዓመት ደብዳቤዎችዎን ፈተሽኩ፤ «ግሩም» የሚለውን ቃል የተጠቀሙት አራት ጊዜ ብቻ ነው፣ አንዱም ስለ አየሩ ነበር። በሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመሯ ላይ አንድ ትርፍ ባዶ ቦታ አግኝተውባት ሲያበቁ፣ እንደገና መላክ አያስፈልግሽም፣ ራሴ አስተካክዬዋለሁ ብለው ጽፈውላታል። ራስዎ! እኔን በአንዲት ባዶ ቦታ ስንት ሳምንት እንዳመላለሱኝ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ቅናት መሆኑን አልክድም፤ ቀንቻለሁ፣ አንጀቴ አሯል። እሷ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥታ ወደ ቀጣዩ ሥራዋ መመለሷ ይበልጥ አበገነኝ፤ ትንሽ ብትኮራ እንኳ እሷን የምጠላበት ምክንያት አገኝ ነበር። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብላ ጸልያ ከሆነ ጸሎቷ ሰምሯል፤ ፈጣሪ ምቀኛዋን ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አስቀምጦላታል።

ቤት ገብቼ ይህንኑ ስዘረዝር ባለቤቴ መርፌዋን ሳትለቅ፣ «እኔ ያልገባኝ፣ የሚያናድድህ እሷ መሥራቷ ነው ወይስ አንተ አለመሥራትህ?» አለችኝ። ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ሳትነግረኝ ያጠብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

3ኛ. ሐሳብ ያመነጨ ሰው በሥራው መዝገብ ላይ «ሐሳቡን ያቀረበ» ተብሎ በአንድ መስመር ይጠቀሳል፤ መስመሩም ከርነሉ እስካለ ይኖራል። እርስዎ በፈረሙበት መዝገብ ላይ የእኔ ስም የለም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሁለታችሁንም ይቅር አላልኩም ነበር።

4ኛ. አራተኛው አቤቱታ በእኔ በራሴ ላይ ነው፤ ለየትኛው ቢሮ እንደሚቀርብ ስላላወቅሁ ለእርስዎው አቀርበዋለሁ።

ባልደረባዬ ኮዱን ከመላኳ በፊት እንዳነብላት ሰጥታኝ ነበር። ያነበብኩት ላግዛት ሳይሆን እንከን ላገኝባት ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ አገኘሁት። መራጩ ፕሮግራም አንድ መስኮት ከመረጠ በኋላ መልእክቱ ሳይደርስ መስኮቱ ቢዘጋ፣ ኮዱ መልእክቱን ወደ አሮጌው ደንብ መመለስ ሲገባው ዝም ብሎ ይጥለዋል። ላኪውም አያውቅ፣ ተቀባዩም አያውቅ። አንድ ዘበኛ ባለጉዳዩን ወደ አምስት ቁጥር መርቶ፣ አምስት ቁጥር ተዘግቶ ቢያገኘው ማመልከቻውን ቀድዶ እንደመጣል ነው። ይህ ኮድ በመጪው ሰኞ ከሚወጣው አዲስ ከርነል ጋር የሆስፒታሉም የትምህርት ቤቱም ማሽን ውስጥ ይገባል።

አየሁት፤ እናም ምንም አላየሁም አልኳት። «ስምህን በመርማሪነት ላስፍር ወይ?» ስትለኝም ጊዜ የለኝም አልኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። የእርስዎ «ግሩም» ሲመጣ ደግሞ ደስታዬ ጨመረ፤ ሰኞ ደርሶ መልእክት እዚህም እዚያም መጥፋት ሲጀምር ያ «ግሩም» ምን እንደሚመስል ለማየት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አፌን ይዤ ጠበቅሁ። እርስዎም ያችኑ መስመር አንብበው ከባዶዋ ቦታ በስተቀር ምንም ስላላዩ፣ በዚህ እንኳ ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ተጽናናሁ።

ዛሬ ጠዋት ባልደረባዬ ወንበሯን ወደ እኔ ጎተተች። ሥራውን ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንድታስረዳ ታዛ ኖሮ፣ ሐሳቡ የእኔ ስለሆነ አብሬያት እንድቀርብ ፈለገች። ሐሳቡ የእኔ መሆኑ የት ተጽፎ ብዬ መለስኩላት፤ ድምፄ ደስ የሚል አልነበረም። ግራ ተጋብታ አየችኝና የላከችውን ደብዳቤ ከፈተችልኝ። ተጽፏል። «ሐሳቡን ያቀረበ» ይልና ስሜ ከነአባቴ ስም ይከተላል፤ ከሥሩም፣ ሸክሙን አሥራ አራት ወር የተሸከመው እሱ ነው፣ እኔ የመጨረሻዋን ዳገት ነው ያገዝኩት የሚል አለ።

የጻፈችው ግን ከሦስቱ ሰረዞች በታች ነው። አንባቢ እንዲያውቀው፣ ኮድ በምንልክበት ደብዳቤ መካከል ሦስት ሰረዞች ይሰመራሉ፤ ከሰረዞቹ በላይ ያለው መዝገብ ውስጥ ገብቶ ለሁልጊዜ ይቀመጣል፣ ከበታች ያለው ማስታወሻ ግን ሥራው ሲፈረም በማሽን ተቆርጦ ይጣላል። ለእርስዎ ክፍል ስትልክ የመጀመሪያዋ ስለነበረ የምስጋና ቦታው እዚያ መሰላት። እርስዎ ደብዳቤውን አንብበው ስሜ የተሳሳተ ቦታ መቀመጡን አላዩም፤ ፈረሙ፣ ማሽኑም ቆረጠኝ። እኔም ብሆን ረቂቁን ከመላኩ በፊት በእጄ ይዤው ነበር። እንከን ፍለጋ ቸኩዬ ከሰረዞቹ ወደ ኮዱ ስዘል በራሴ ስም ላይ ተራምጄ አልፌያለሁ።

ስለ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ያን ጊዜ ነገርኳት። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቀችኝ፤ አሥራ አንድ ቀን አልኳት። «እኔ እኮ አንተ አይተኸዋል ብዬ ነው ተረጋግቼ የላኩት» አለች። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ከዚያ አልሄደችም፤ እዚያው ተቀምጣ ማስተካከያውን አብረን ጻፍነው፤ አራት መስመር ነው።

እንግዲህ የተከበሩ ሆይ፣ ልመናዬ አንድ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን ማስተካከያ ከሰኞ በፊት ይፈርሙልን፤ ዘጠኝ ስሪት የሚበቃ ቀን የለንም። ማስተካከያውን የሠራችው እሷ ተብሎ ተጽፏል። ስለ እኔ የሚናገር አንድ መስመር አለ፤ ስሜን ከጠቀሰ በኋላ፣ ጥፋቱን ከአሥራ አንድ ቀን በፊት አይቶ በቅናት ዝም ያለ ይላል። እሱን ከሰረዞቹ በላይ ነው ያስቀመጥኩት። አሥራ አራት ወር ሙሉ ስሜ መዝገቡ ውስጥ እንዲገባ ስመኝ ነበርና፣ ሲገባ እንዲህ ብሎ ይግባ።

እስካሁን ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ለነጥቡም፣ ለሰልፉም፣ ለእነዚያ ሁለት ቃላትም ያለኝን ጥልቅ ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የዘጠኙ ስሪቶች ባለቤት፣ የዝምተኛዋ የፊት ለፊት ጎረቤት

ማስታወሻ፦ የማስተካከያው መስመሮች ከረጅሙ ወደ አጭሩ በባለቤቴ ሜትር ተለክተው ተሰልፈዋል። አንዲት ትርፍ ባዶ ቦታ ግን ሆን ብዬ ትቼልዎታለሁ፤ ያለችው ከጥፋቱ አጠገብ ነው፤ በእሷ ሰበብ መስመሩን ያነቡታል ብዬ ነው።