ሰባት ቁጥር ላይ ያለው ዓሣ

የካቲት 18፣ ጠ. 3 ሰዓት፣ ሐይቅ ዳር

ቆሮሶ ዘጠኝ። አምባዛ አንድ። ቦታ ሰባት ቁጥር። በመንጠቆ። ነፋስ የለም።

ይኸው ደብተር፣ የተጠየቀው አለቀ። ከታች ያለው ባዶ መስመር የኔ ነው። ሊዲያ፣ የፕሮጀክቱ ልጅ፣ ምን ይጻፍበታል ስላት የፈለጉትን ይጻፉ አባባ፣ እሱን እኛ አናነበውም አለች። እጽፋለሁ። ባለቤቴ በላይነሽ ከሞተች ወዲህ የማወራው ሰው የለም። ዲላ ያለው ቤት ግድግዳ ነው፣ እዚህ ጎጆው ትንኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮጀክቱ ሰዎች ሐይቁን ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ቦታ ሸንሽነው ቁጥር ሰጡት። ለስድስት ዓሣ አጥማጅ ደብተር አደሉ። ምን አገኘህ፣ የት አገኘህ፣ እንጽፋለን፣ ቁጥሩን ማታ ማታ በስልክ እንልካለን። እነሱ ደግሞ ከሰማይ በሳተላይት የውሃውን ሙቀት ያያሉ። ሁለቱን አስተያይተው ነገ ዓሣ እዚህ ቁጥር ይበዛል ብለው በስልክ ይልካሉ። ለሁሉም። እንደ ዝናብ ትንበያ።

ሳቅሁ። አባያ ላይ የሸበትኩትን ሰውዬ ዓሣ የት እንዳለ ስልክ ሊነግረኝ!

ግን በትክክል እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ጢም አውጥቼ፣ ከልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። በስንት መከራ የያዝኩትን ፊደል ለውሸት አላውለውም።

የካቲት 22

ቆሮሶ ሰባት። ቦታ ሰባት ቁጥር።

ጾሙ ገብቷል። የዲላ ሆቴሎች ዓሣ ዓሣ ይላሉ። ዓሣችንን የሚጭነው ኑረዲን አይሱዙውን ይዞ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ቆሞ ይጠብቃል።

ገልገሎ ዛሬም ከየት ነው ሽፌ አለኝ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ነው፣ እኩያዬ ነው። አገጬን ወደ ጥልቁ ቀሰርኩ። እሱም ስጠይቀው ወደ ጥልቁ ቀሰረ። ሁለታችንም ጥልቁ ላይ አልነበርንም። ተሳሳቅን። ወጉ ነው። ሐይቅ ላይ ቦታ አይነገርም፣ የእናት ልጅ ቢጠይቅም አገጭ ወደ ሌላ ነው።

ለአንተ ግን ልንገርህ፣ ደብተር። ሰባት ቁጥር ጊዳቦ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አፍ ነው። ደንገሉ መሀል አንድ ታንኳ ብቻ የምታሳልፍ በር አለች። ከውስጥ ውሃው እንደ ኩሬ ጸጥ ያለ። ቆሮሶ የምትወልደው እዚያ ነው። እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች። ከተፈለፈሉም በኋላ ሲደነግጡ አፏን ትከፍትላቸዋለች፣ ይገባሉ። በላይነሽ ይህን መጀመሪያ ያሳየኋት ቀን አለቀሰች። ልጅ አልሰጠንም ነበር። እዚህ መረብ እንዳትጥል አለችኝ። አልጣልኩም። መንጠቆ ግድ የለውም፣ አፏ የሞላ ዓሣ አትበላማ፣ መንጠቆ አትነካም። መረብ ነው የማይመርጠው።

የካቲት 29፣ ጠ. 12 ሰዓት

ስልኩ ጮኸ። ነገ ዓሣ በብዛት፦ ሰባት ቁጥር።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኮራሁ። አልዋሽህም፣ ኮራሁ። ያ ሁሉ ሳተላይት ዞሮ ዞሮ እኔ ካልኩት ደረሰ። በላይነሽ በሰማች ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

መጋቢት 3

አምስት ታንኳ። በሩ ላይ ተሰልፈው።

መጋቢት 6

አሥራ ስምንት ታንኳ ቆጠርኩ። የቻይናው ቀጭን መረብ፣ ጣት የማያሳልፈው። ከደንገል እስከ ደንገል ዘረጉት። ጎረምሶቹ ይዘፍናሉ። ስልኩ አዋቂ ነው ይላሉ፣ ስልኩን ይስማሉ።

አንደኛው ታንኳ ውስጥ አየሁ። እናቶቹ ሲታነቁ ከአፋቸው ይተፉታል። ወለሉ ላይ እንቁላሉ እንደ ምስር ክክ ተበትኖ። ገና ዓይን ብቻ የሆኑትም አሉ፣ ይርገበገባሉ። ልጁ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል፣ አያውቅም። ምን እያደረግህ ነው ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ቅናት ነው? አለኝ። ሁሉም ሳቁ።

ምሳ አልበላሁም።

መጋቢት 9

ሊዲያ መጣች። ደብተሬን ገለጠች፣ ቁጥሩን ብቻ አየች፣ ፊቷ በራ። ከስድስቱ ደብተር ከሳተላይቱ ጋር የገጠመው የእርስዎ ብቻ ነው አባባ፣ የሌሎቹ አንዱ ከአንዱ አይገናኝም፣ ኮምፒውተሩ እርስዎን አመነ አለች። እጄን በሁለት እጇ ጨበጠች።

ያኔ ገባኝ። አምስቱ ወረቀቱም ላይ አገጫቸውን ወደ ሌላ ቀስረዋል። ገልገሎም ጭምር። በወጉ ሄዱ። ፊደል አይዋሽም ያልኩ እኔ ነኝ የቆሮሶን ቤት አሳልፌ የሰጠሁ።

ለሊዲያ አልነገርኳትም። አመሰግናለሁ ልጄ አልኳት። አመሰግናለሁ! እፈር ሽፈራው።

መጋቢት 11

ቆሮሶ ሃያ። ቦታ ሁለት ቁጥር።

ውሸት ነው። ያገኘሁት ሁለት ነው፣ እሱም ሰባት ቁጥር። ወደዚያ እንዲሄዱ ነው፣ ሁለት ቁጥር ድንጋይ ነው፣ ቆሮሶ አትወልድበትም። ይቅር በለኝ ደብተር።

መጋቢት 12

ቆሮሶ ሃያ ሁለት። ቦታ ሁለት ቁጥር። ውሸት።

መጋቢት 14፣ ጠ. 12 ሰዓት

ስልኩ፦ ሰባት ቁጥር።

እንዴት? ኑረዲንን ጠየቅሁት፣ የሁሉንም ወሬ እሱ ያውቃል። ጋሼ፣ አሁን እኮ ሁሉም ሰባት ብሎ ነው የሚጽፈው አለኝ፣ ምን የሚደበቅ ቀረና?

እኔ እውነት ስጽፍ እነሱ ዋሹ። እኔ ስዋሽ እነሱ እውነት ጻፉ።

መጋቢት 17

የዛሬው ዓሣ የጣቴን ያህል ነው። የትንሿን ጣቴን። ሆቴሎቹ አንድ ሣጥን መለሱ። ኑረዲን መንገድ ዳር ለውሻ ደፋው። ጋሼ፣ ይሄ ዓሣ ነው ወይስ ሚስማር? አለኝ። እንደ ወትሮው ሊያስቀኝ ነው። አልቻልኩም። እሱም ፊቴን አይቶ ባዶውን ሣጥን ጫነ።

ትልልቆቹ የሉም። ሁለት ቀን መንጠቆ ጥዬ አንድ አልነካችም። በሚቀጥለው ዓመት የሚያዘው ዘንድሮ አፍ ውስጥ ያለው ነበር። አፉም ተበላ።

መጋቢት 19

ዲላ ሄጄ ሊዲያን ቢሮዋ አገኘኋት። እንቁላሉን፣ አፉን፣ መረቡን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ቁጥር ያልኩትንም። ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። ትንበያው ዓሣ የት እንዳለ እንጂ ለምን እዚያ እንዳለ አያውቅም አባባ አለች። ብቻዋን ማስቆም አትችልም። ማኅበሩ ፈርሞ ከጠየቀ ግን ሰባት ቁጥርን እስከ ሰኔ ከስልኩ ያወጡታል። ማኅበሩ ራሱም መግባት ይከልክል አለች።

ስለዚህ ማኅበር ፊት መቆም አለብኝ። ቦታውን የሰጠሁ እኔ ነኝ ማለት አለብኝ። ገልገሎ ፊት። ከዚያ ጉማሬ ቢገድለኝ ይሻላል።

እሑድ ነው ስብሰባው።

መጋቢት 21፣ ከሰዓት

ተናገርኩ።

ወርካው ሥር ነበሩ፣ ሠላሳ ያህል። ቆምኩ። ከዘራዬን ይዤ፣ ንጹህ ኮቴን ለብሼ። የጊዳቦን አፍ ደብተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስልኩ ከኔ ነው የሰማው አልኩ። ቆሮሶ እዚያ ነው የምትወልደው፣ እስከ ሰኔ እንዝጋው፣ ደብዳቤውን ራሴ ጽፌዋለሁ፣ እዚህ ፈርሙ።

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ይመቱኛል ብዬም ነበር። ገልገሎ ግን፣ ሽፌ፣ እውነቱን ጻፍክላቸው? አለ። ወረቀት ላይ? እውነቱን? ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ገልገሎ እንባውን በሻርፑ ጠረገ። ሐይቅ ላይ የሸበተ ሰው አገጩን ረሳ አለ። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት።

ስለ መዝጋቱ አጭር ነው። ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን ተባለ። ጾሙ ሳይፈታ ገበያ አይዘጋም። ፋሲካ ገና ሦስት ሳምንት ነው፣ ያኔ ምን ይቀራል አልኩ። ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ተቀመጥ አለኝ አንዱ ከኋላ። ተቀመጥኩ። ደብዳቤዬን ማንም አልነካውም። ነፋሱ ወሰደው፣ ተነስቼ አነሳሁት።

በኋላ ገልገሎ ብቻውን መጣ። አይስቅም አሁን። እኔም አውቀዋለሁ ቦታውን፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ አለ። ታዲያ? አልኩ። ልጆቼ አራት ታንኳ አላቸው ሽፌ፣ አንተ ማን አለህ? አለኝ። ሄደ።

መጋቢት 22

ቁጥር አልጻፍኩም። ተኝቼ ዋልኩ።

መጋቢት 24፣ ጠ. 11 ሰዓት፣ ዲላ

ወስኛለሁ።

በሩ አንድ ታንኳ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አንድ ታንኳ አለኝ። ድንጋይ ሞልቼ በሩ ላይ አግድም አሰምጠዋለሁ። ከውስጥ ደግሞ የግራር ቅርንጫፍ ከነእሾሁ፣ ድንጋይ አስሬበት፣ እታች። ያ ቀጭን መረብ እሾህ ላይ ከወደቀ አይወጣም፣ ይቦጫጨቃል። አንድ ሁለት መረብ ከተቀደደ ማንም አይደፍርም። ስልኩ የፈለገውን ይበል።

ታንኳውን ከሰባት ዓመት በፊት ሠራሁት፣ ሌላ መሥሪያ ጉልበት የለኝም። ማን እንዳደረገው ያውቃሉ። ይወቁ። ደንገሉ ሥር አዞ አለ፣ ውሃው እስከ ደረቴ ነው። እሱም ይወቅ።

ኑረዲን እንደ ወትሮው ሐይቅ ሊወስደኝ በር ላይ ጥሩንባ ነፋ። መጥረቢያና ገመድ ይዤ ስወጣ አየኝ። ምንድነው ጋሼ፣ ማገዶ? አለ። ልዋሸው ነበር። ተውኩት፣ ነገርኩት። ሞተሩን አጠፋ። ዓሣ ካለቀ ከደጋው ከቡሌ ገብስ እጭናለሁ ጋሼ፣ እርስዎ ግን ያለ ታንኳ ምን ይሆናሉ? አለ። አላውቅም አልኩት። ከዚያ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። ድንጋዩ መንገዳችን ላይ ካለው ድልድይ ሥር አለ፣ ጠፍጣፋው ይሻላል አለኝ።

ጭነናል። ጋቢና ነኝ። ከጪጩ ከተማ ወዲህ መንገዱ ጥሩ ነው፣ ከአስፋልቱ ስንወጣ ግን እጄን ያናውጠዋል፣ መስመሩን አልይዝም፣ ሐይቁ ይታያል፣ ታንኳዎቹ ገና አልወጡም፣ ቶሎ ከደረስን ከእነሱ በፊት በሩን እንዘጋለን።