አንድ ዙር የቀረው ማሽን

ሰኞ፣ ግንቦት 2፣ 2002። ጠዋት 3፡10

ጄኔሬተሩ ዛሬም አልተነሳም። የሚያንቀሳቅሱት አጎት፣ እዚህ እንደሚሉት አም ሞሪስ፣ “ቡክራ” አሉኝ። ነገ ማለታቸው ነው። ይኼ ነገ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ።

ደብተሬ፣ ለሌላ ሰው ባወራው ሐሜት ይሆንብኛል፤ አንተ ስማኝ። ሲኩዌንሰሩ ለሦስት ፋኩልቲ በጋራ የተሰጠ ነው፤ ለሕክምና፣ ለግብርና፣ ለእንስሳት ሕክምና። ዲ.ኤን.ኤ. የሚያነብ ማሽን እዚህ ጁባ ዩኒቨርሲቲ ያለው እሱ ብቻ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት እሱን ላንቀሳቅስ ነው። እስካሁን ያንቀሳቀስኩት ራሴን ነው፤ ከዚህ ቢሮ ወደዚያ ቢሮ።

የተራ መመዝገቢያውን ከፈትኩ። የማሽኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ፕ/ር ዋኒ ወሩን በሙሉ በራሳቸው ስም ሞልተውታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በወፍራም እስክሪብቶ። አንድም ቀን ግን ብቅ አላሉም። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። የፋኩልቲያቸውን መብት እያስከበሩ ነው አሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 4

የከተማው መብራት ለጥቂት ሰዓት መጥቶ፣ ማሽኑ በሚሰካበት ስታቢላይዘር ላይ ስድስት ሞባይልና አንድ የሻይ ማፍያ ተሰክተው አገኘሁ። ሁሉንም ነቀልኩ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ሊከሱኝ ሄዱ።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ደግሞ ዓሣ። የግብርናው መምህር ለምርምር ነው አሉ። ከሽንኩርት ጋር በአንድ ፌስታል መሆኑ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ደክሞኛል።

ወደ ቤት ስመለስ የጉዴሌ መንገድ ጭቃ ብቻ። የተሳፈርኩበት ቦዳ ሞተር ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። አንድ ጫማዬን እዚያው ትቼ ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

ዓርብ፣ ግንቦት 6። ቀን 8፡00

ኛዴንግ መጣች። ከላይ እስከ ታች አቧራ። የእንስሳት ሕክምና ረዳት መምህር ናት። ጋምቤላ አድጋ፣ እዚያው ኢትዮጵያ ተምራ፣ ሰላም ሲሆን የተመለሰች። አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዛ፣ ከአጎቷ የከብት ሰፈር የአሥራ አምስት ጥጃ ደም በበረዶ ሳጥን ይዛ መጥታለች። በረዶው ውኃ ሆኗል፤ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው።

ጥጆቹ እያለቁ ነው አለች። ከጆሯቸው ሥር ያብጣሉ፣ ያስላሉ፣ ከዚያ ይወድቃሉ። እሷ መዥገር የሚያመጣው በሽታ ነው ባይ ናት። ሽማግሌዎቹ ግን ዝናቡ ስለጠና ከብቱን ወደ ደጋማው ግጦሽ ሊነዱ ነው። እዚያ የጎረቤት መንጋ አለ። የወረዳው እንስሳት ጽ/ቤትም ያለ ላብራቶሪ ማስረጃ አላግድም ብሏል። ናይሮቢ ይላክ ቢባል ፈቃዱ ብቻ ሁለት ወር።

“እትዬ ሰብለ፣ አጎቴ ሠላሳ ቀን እንኳ አይጠብቀኝም። ወረቀት አምጪ ነው ያለኝ። አንድ ወረቀት።”

ሰኞ እጀምርልሻለሁ አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 9

ምነው አፌን በያዝኩት።

ማሽኑ ያለ ፖሊመር አይሠራም። ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፤ ዲ.ኤን.ኤ.ው በእሱ ውስጥ እያለፈ ነው የሚነበበው። አዲሱ ዛሬ ደረሰ። ደረሰ ከተባለ። ኤርፖርት ፀሐይ ላይ አራት ቀን ተቀምጦ፣ “በቅዝቃዜ ይቀመጥ” የሚለው ጽሑፍ በሙቀት ተልጦ። ካርቶኑን ስነካው ትኩስ ዳቦ መሰለኝ። ተበላሽቷል። ያለኝ አሮጌው ብቻ ነው፤ ለአንድ ዙር ይበቃል። ለአንድ።

ለፕ/ር ዋኒ ሄጄ ሁሉንም አስረዳሁ። ጥጆቹን፣ ፈሳሹን፣ የኛዴንግን ጉዞ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ አይሆንም አሉ። የመጪው ሳምንት ሰኞ ማሽኑን የሰጡን ሰዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ ሲሠራ ማየት አለባቸው። ታዲያ ምን ናሙና ልጫንበት? ብዬ ጠየቅኩ።

“ባዶውንም ቢሆን ይሂድ። ዋናው ስክሪኑ መብራቱ ነው።”

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ጀግና አይደለሁም፣ ደብተሬ። ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል። የሚያድሱት እሳቸው ናቸው። ይኼን ሥራ ለማግኘት ስንት ደጅ ጠንቼ ነው።

ኛዴንግ ከጠዋት ጀምሮ ናሙናዋን እያዘጋጀች ነው። አንድ ዙር ብቻ እንደቀረ፣ ፕ/ሩም እንደከለከሉ ነገርኳት። ቱቦዎቹ ላይ ቁጥር መጻፏን ቀጠለች። ብትለምነኝ ይሻለኝ ነበር። ለለመነ ሰው እምቢ ማለት እችላለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 12

የኛዴንግን ናሙና ቅዳሜ ልጭን ወስኛለሁ። ቅዳሜ ግቢው ባዶ ነው። የቀረው ጄኔሬተሩ።

አም ሞሪስ ጋ አብረን ሄድን። እኔ ሳወራቸው፣ “ነዳጅ ማፊ፣ የለም፤ ያለው ለሰኞ እንግዶች ነው” ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ኛዴንግ በጁባ ዐረብኛ ስለ ጥጆቹ ነገረቻቸው። ከጆሮ ሥር ያብጣል ስትል ብድግ አሉ። ከብት አርቢዎቹ ሙንዳሪ ወገን ናቸው ለካ፤ የራሳቸው ከብት ተረከካ በምትባል አገራቸው ነው። እብጠቱ በቀኝ ነው በግራ? ስንት ቀን ይቆያል? እናቲቱንስ ይይዛል? እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ያላገኘሁትን ወሬ በሩብ ሰዓት ለእሷ አወሩላት። በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት እመጣለሁ አሉ። ቡክራ አላሉም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14። ቀን 10፡00

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አም ሞሪስ በሰዓታቸው መጡ። ጄኔሬተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። አሥራ አምስቱን ናሙናና አንድ መፈተሻ ጫንኩ። ፈሳሹን ስሞላ አየር እንዳይገባ ትንፋሼን ይዤ። ጀመረ። አንድ ሰዓት ገደማ እንደሄደ በሩ ተከፈተ። ፕ/ር ዋኒ። ለሰኞ ክፍሉን ለማስጠረግ ነው የመጡት። ስክሪኑን አዩ፣ ኛዴንግን አዩ፣ እኔን አዩ።

“አጥፊው” አሉኝ።

“ፈሳሹ ገብቷል ፕሮፌሰር። አሁን ባጠፋው ለእሷም ለእንግዶቹም አይሆንም።”

ውሸት አልነበረም። ቆሙ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰኞ ለእንግዶቹ ራስሽ ታስረጃለሽ ብለው እስከ መጨረሻው ቆዩ። ልሂድ እንኳ አላሉም። ባለቀለሞቹ መስመሮች ሲወጡ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ለካ እሳቸውም ማሽኑ ሲሠራ አይተው አያውቁም።

አሥራ አንዱ ጥርት ብሎ ተነበበ። አራቱ ተበላሽተዋል፤ በረዶው ስለቀለጠ ይሆናል። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ላይ መዥገሩ የሚያስተላልፈው ተውሳክ አለ። ኛዴንግ አትሜ የሰጠኋትን ወረቀት ሁለቴ አነበበች፣ አጣጥፋ ፕላስቲክ ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ እኔን አቅፋ ትከሻዬ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ነገ የጭነት መኪኖቹ መነሻ ሸሪካት ሄዳ መኪና ትጠብቃለች።

ሰኞ፣ ግንቦት 16

እንግዶቹ መጡ። ማሽኑ ጸጥ። ፈሳሽ የለም አልኩ። ለምን እንደሌለም፣ የመጨረሻው ለምን እንደዋለም ነገርኳቸው። ፕ/ሩ ሦስት ጊዜ አቋረጡኝ። አንዷ እንግዳ የተራ መመዝገቢያውን ጠየቀች። ገለጠች፤ ገለጠች። በየገጹ አንድ ስም። መልሳ ሰጠችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፕ/ሩ አንገታቸውን ሲደፉ ሳይ ግን ደስ አላለኝም።

ዓርብ፣ ግንቦት 20

ኛዴንግ በሳተላይት ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል። አጎቷ ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው ሰጥተው አስነበቡ፤ ሰፈሩ ባለበት ሊቆይ ተስማምቷል። ሁለት ቤተሰብ ግን ቀድሞ ነድቶ ሄዷል። የጎረቤቶቹ መንጋ ጋ ደርሰዋል። አንድ ሳምንት ብንቀድም ኖሮ አለች። አንድ ሳምንት። እኔ ያንን ሳምንት ቢሮ ለቢሮ ስዞር፣ ከዚያም ስለ ውሌ ስጨነቅ ጨረስኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 21

ከኮሚቴው ደብዳቤ ደረሰኝ። የጋራ መሣሪያን ያለ ፈቃድ ለግለሰብ ጥቅም አውያለሁ ይላል፤ ጥፋቴን አምኜ ከፈረምኩ ውሌ ይታደሳል። ለግለሰብ። አራት ጊዜ አነበብኩት። ያለ ፈቃድ የሚለው እውነት ነው፤ እሱን እፈርማለሁ። ለግለሰብ የሚለውን አልፈርምም። ሰርዤዋለሁ፣ በጎኑ ፊርማዬን አኑሬያለሁ። የአሥራ አምስቱን ጥጆች ባለቤቶች ስምም በጀርባው ጽፌያለሁ፣ ኛዴንግ እንደ ሰጠችኝ አድርጌ። ሰኞ ጠዋት ራሴ ለፕ/ሩ በእጃቸው እሰጣለሁ። ውሌን ካላደሱት ሰኔ ላይ እሄዳለሁ።