የማክሰኞ ፍራሾች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬም ፍራሽ አሰጣን። እኔ፣ ይማርሽና ደሳለ። እንሠራበት የነበረው ሎጅ እንግዳ ካየ ስንት ጊዜው... ግን ማክሰኞ ሲሆን እንሄዳለን። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥተን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ አቧራውን አራግፈን እንመለሳለን። ደሞዝ የለም። ኑ ያለንም የለም።

ባለቤቱ ጋሼ ወልደ ኪዳን በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። «በርቱ ልጆቼ፣ ሰው መምጣቱ አይቀርም» ይሉናል። ያኔ እንግዳው የቀረ ጊዜም «እስኪረጋጋ እረፍት ውጡ» ነው ያሉን። የስንብት ደብዳቤ አልሰጡንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ማን አፍ አውጥቶ ይጠይቃል? እናቴ ስትሞት ሙጃ ድረስ መጥተው የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ሰባት ቁጥር ክፍል መስኮቱ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ሰውአገኝ ከኩሽና ሲወጣ እዚያ ሥር ያልፍ ነበር፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ። ቀና ብሎ ያየኛል። ባሌ እኮ ነው፣ ሆኖም ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። አሁን አፋር፣ ሎጊያ ነው፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ያበስላል።

ናፍቆኛል። ሌላ ምን እጽፋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሰውአገኝ ደወለ። እዚያ ማታም ነፋሱ ትኩስ ነው አለኝ። ለሥራ ጅቡቲ የሚወስደው ሰው አግኝቷል፤ ከጥር ጀምሮ፣ ለሁለት ዓመት።

«እዛው የሚያኖረን ነገር ካለ ግን ንገሪኝ። እኔ መምጣት ነው የምፈልገው፣ ፋንዬ።»

የነገውን ስብሰባ ነገርኩት። ሥራውን ያጣ ሠራተኛ ሌላ እስኪያገኝ የሚደጎምበት መድን ለሙከራ እኛ ከተማም ሊጀመር ነው። ግን ደንቡ የስንብት ደብዳቤ ይጠይቃል። ይሻሻል ወይ ብለው ሊያነጋግሩን ነው።

«በይ ሂጅና ተናገሪ» አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ምን ሁኜ ነው?

ስብሰባውን የመራችው የመድኑ ባለሙያ ነሲባ ትባላለች። ከደሴ ነው የመጣችው፣ ረጋ ያለች ሴት። «ደብዳቤ ያልተሰጣቸውም እንዲካተቱ ደንቡን ማሻሻል ይቻላል» አለች። «ግን መኖራችሁን ማሳየት አለብኝ። ሥራውን ያጣ እጁን ያንሳ።»

ጋሼ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው። እጅ ማንሳት እሳቸው ፊት «አባረውናል» ማለት አይደል? ይማርሽ ጥፍሯን ታያለች። ደሳለ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እጁን ያነሳ የለም።

«ሁላችሁም ሥራ ላይ ናችሁ ማለት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ደሳለ።

እሷም ጻፈችው። የእኔ እጅ ጭኔ ሥር ነበር። ተቀምጬበት ነበር።

ሌሎቹን ከተሞች አዳርሳ በታኅሣሥ መጀመሪያ አንዴ ትመለሳለች አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

«አነሳሽ?» አለኝ ሰውአገኝ በስልክ።

«ጋሼ ነበሩ...»

«እ» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሱም ቢሆን እዚያ ቢቀመጥ እንደማያነሳ ያውቀዋል።

«እንግዲህ ጅቡቲ ነው» አለ።

ይሉኝታዬ ባሌን ባሕር ዳርቻ ሊያደርስብኝ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ሳምኩ፣ መጣሁ። ያሰብኩትን ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ፍራሹን አስገብተን እነ ይማርሽ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ ያሰናብቱኝ።»

«ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

እሳቸው! ምን አጠፋሁ ይበሉኝ? እንባዬ መጣ። «ምንም አላጠፉም። ሥራ የለኝም ማለት ፈልጌ ነው፣ እርስዎ ሳይቀየሙኝ።»

«ለሎጁ ገዥ መጥቶልኝ ነበር» አሉ። «እነዚህ ልጆች ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ እንዴት ብዬ እሸጣለሁ ብዬ መለስኩት።»

«እኛ እኮ የምንመጣው እርስዎ ብቻዎን እንዳይሆኑ ብለን ነው።»

በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ስንተዛዘን ከረምን ለካ። ደብዳቤ ይስጡኝ ማለቱ ግን አሁንም ከአፌ አልወጣም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ነሲባ ተመለሰች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። አሁንም እጁን ያነሳ የለም።

ከፊት አንድ እጅ ተነሳ። ጋቢው ክንዳቸው ላይ ሸርተት አለ።

«አባቴ፣ እርስዎ አሠሪ ነዎት፣ እኔ መመዝገብ አልችልም» አለች።

«መዝግቢኝ አላልኩም፣ ልጄ። ሥራ የለም። ልጆቹ እኔን ፈርተው ነው።»

ደሳለ አነሳ። ይማርሽ አነሳች። እኔም። የሌሎቹ ሆቴሎች ሰዎችም፣ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ። እጄ ቀለለኝ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ደንቡ መቼ እንደሚሻሻል ጠየቅናት። ቀን መስጠት አልችልም አለች። እውነቷን ነው።

ማታ ለሰውአገኝ እኔው ደወልኩ።

«አነሳሁ።»

«ድጎማውን ላይሰጡን ይችላሉ እኮ።»

«ይችላሉ።»

«ታዲያ የጅቡቲውን ሰውዬ ምን ልበለው?»

ከሄደ ጀምሮ ና ብዬው አላውቅም። ምን ላበላው ነው እያልኩ፣ ተሸንፎ የተመለሰ እንዳይመስለው እያልኩ፣ «አንተ ብቻ ደህና ሁን» እያልኩ ነው የኖርኩት።

«ና» አልኩት። «ምን እንደምንበላ አላውቅም። ግን ና።»

«እስቲ ልደርበት» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ሎጅ አልሄድኩም። ጋሼ ገዥውን መልሰው ጠርተውታል፣ ሰሞኑን ይነጋገራሉ።

የራሴን ፍራሽ አወጣሁ። ሰውአገኝ ከሄደ ጀምሮ ገልብጬው አላውቅም። በእሱ በኩል ያለው ስርጉድ እንዳይጠፋ ብዬ... ዛሬ ገለበጥኩት፣ ደህና አድርጌ መታሁት።

ይማርሽ በአጥሩ በኩል አየችኝ። «እንግዳ አለብሽ እንዴ?»

«ባሌ እመጣለሁ ብሏል፣ ለገና ይደርሳል» አልኳት።